ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ለደብረ ብርሃን ቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁር ሰማያዊ ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያየውን ሳሎን እንዳለ ቤቱ ሊደግመው ይነሳል። ፎቶው ላይ ያለው ሳሎን ግድግዳ የሚያህል መስኮት እንዳለው ልብ አይልም።

ትልቁ ስህተት የመስኮቱን አቅጣጫ አለማየት ነው። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጥቁር ሰማያዊ 10 በመቶ እንኳ አይመልስም፤ የቀረውን ይውጠዋል። እኛ ጋ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መስኮቱ ወደ ሰሜን ብቻ የሆነ ክፍል ታዲያ ልክ ውርጩ በሚበረታበት ሰሞን ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። እሱን ጥቁር ሰማያዊ ከቀቡት በጠራራ ቀን አምፖል ማብራትዎ ነው። መብራት የጠፋ ዕለትማ አይጣል! ቀለሙን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ክፍል ይስጡት። ሸዋ ሮቢት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ከሚያቃጥለው ፀሐይ ሸሽቶ ጠቆር ያለ ክፍል መግባት ደስ ይላል።

አራቱንም ግድግዳ መቀባትም አይመከርም። ከሶፋው ወይም ከአልጋው ጀርባ ያለው አንዱ ይበቃል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ነጭ ይሁን።

ግድግዳውን ሳያዘጋጁ መጀመር ደግሞ ገንዘብ ያስበላል። ነጭ ቀለም የሚደብቀው እብጠትና ስንጥቅ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ከሆነ ይብሳል። ስቱኮው በደንብ ይቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ አቧራው ይጠረግ። ክረምቱን ውሃ የጠጣ ግድግዳ ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳውንና የውሃ መውረጃውን ያስተካክሉ። እርጥበትን ቀለም አያድነውም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ በቅጡ አይደርቅም። የኅዳር ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቀለም ቀቢው በጠዋት ልጀምር ቢልም ግድግዳው ሞቅ እስኪል ረፋዱን ይጠብቅ። ከሰዓት በኋላም ብርዱ ሳይመለስ ቀደም ብሎ ያቁም። ሁለት እጅ ካልበቃ ሦስተኛ ይጨመር፤ አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ።

ቀለሙን አጉድሎ መግዛትም አለ። መሃል ላይ ሲያልቅ እንደገና የሚበጠበጠው ከፊተኛው ጋር እምብዛም አይገጥምም። ሙሉውን ገዝተው በአንድ ባልዲ ያዋህዱት። አስቀድመው ካርቶን ላይ ቀብተው ግድግዳው ላይ ያስደግፉትና በቀንም በማታም ይዩት። እርጥቡን አይመኑ፤ ሲደርቅ ይጠቁራል።

በመጨረሻ መጋረጃውም ሶፋውም አብሮ ሲጠቁር ክፍሉ ይጨፈግጋል። ነጭና ቡናማ የመንዝ ባና ሶፋው ላይ ጣል ቢያደርጉ ከየትኛውም የገበያ ጌጥ ይበልጣል። አምፖሉም ቢጫ ብርሃን ያለው ይሁን፤ ነጩ ሰማያዊውን የበለጠ ቀዝቃዛ ያስመስለዋል።