የእኩል ዕድል ፕሮጀክት በጀት ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሴቶች ወይም ለተገለሉ ወገኖች እኩል ዕድል ብለው ፕሮጀክት የሚቀርጹ ማኅበራት ብዙ ናቸው። ገንዘብ ማጣት አንድ ችግር ነው፤ የተገኘውን በማይሆን መደብ መያዝ ግን የባሰ ነው።

አንደኛ፦ «ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ የመምጫውን ወጪ መርሳት። በጀቱን ስታዩት አዳራሽ፣ ሻይ ቡና፣ ባነር፣ አበል አለ። አዳራሹ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የትራንስፖርት ክፍያው ለሁሉም እኩል ነው። ከአዘዞ በዊልቸር የምትመጣ ሴት ግን እንደሌላው ታክሲ ተጋፍታ አትሳፈርም፤ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ መምጣትና መመለስ አለባት፣ ረዳትም ትፈልጋለች። የተሰጣት ብር ለመምጫውም አይበቃት። በፊርማ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁሉም እኩል ተከፍሎታል!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በምዝገባው ጊዜ «ለመምጣትና ለመከታተል ምን ያስፈልግዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለባጃጅ፣ ለረዳት፣ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የራሱ መደብ ይኑረው። አስተርጓሚ ሁለት ይሁኑ፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስተረጉም ይደክመዋል፣ ከሰዓት በኋላ መስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች የሚደርሳቸው ግማሹ ነው። አዳራሹም ምድር ቤት ይሁን። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ (624/2001) የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ የፎቁ ደረጃ ግን አዋጅ አያነብም።

ሁለተኛ፦ ይህን የባጃጅ፣ የረዳትና የአስተርጓሚ ወጪ አስተዳደራዊ (የቢሮ ማስኬጃ) ብሎ መመዝገብ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። አስተርጓሚውን እዚያ ውስጥ ካስገባችሁት፣ ጣሪያው ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ያለ አስተርጓሚ ሥልጠናው ለታለመለት ሰው አይደርስም፤ ስለዚህ በፕሮግራም ወጪ ያዙት፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ አስቀምጡ።  

ሦስተኛ፦ ቅጥር ላይ «አዘንንላቸው» ማለት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ (568/2000) ምጽዋት አይደለም። ተፈላጊውን ችሎታ ያሟላና እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያገኛል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ቢከስም፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የፈተና ውጤት መሙያ ቅጹንና ቃለ ጉባኤውን ጠብቁ። «ሥራው ይከብድሻል» የሚል መልስ በፍርድ ቤት አያዋጣም።

አራተኛ፦ ማስታወቂያን ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ መጨረስ። ማየት የተሳነው አያነበውም፣ ከቤት የማይወጣው አያየውም። ውጤቱም በየሥልጠናው ያው የለመድነው ፊት ነው። በእድር ይነገር፣ ከቅዳሴና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይለፈፍ። መራጩም አንድ ሰው አይሁን፤ መስፈርቱ ከምዝገባው በፊት ይለጠፍ።

አምስተኛ፦ ጭንቅላት ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍ። ስንት ሰው እንደሠለጠነ ሁሉም ይጽፋል። ከስድስት ወር በኋላ ማን ሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን አቋርጦ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለስልክ ካርድና ቤት ለቤት ለሚዞረው ሠራተኛ የሚሆን ብር ከመጀመሪያው በጀት ላይ ይያዝ።