«ሲስተም የለም» በሰዓት ስንት ብር ነው?

አይቲ ክፍላችሁ ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ አማካሪ አትቅጠሩ። ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ሲስተም በጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሽያጭ ይቀራል፣ ስንት ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ስንት ደንበኛ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ በዚያው ይቀራል? ደምሩትና ዓመቱን ሙሉ በጠፋው ሰዓት አባዙት። በጀት ስትመድቡ ከፊታችሁ አስቀምጡት።

ይህ ማጋነን ከመሰላችሁ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አስታውሱ። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ በነበረው የሲስተም ችግር ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ አደረ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ። ብዙው ተመልሷል፤ ግን ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሷል።

እኔ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አይቲን ከመኪና ስምሪትና ከጽዳት ጋር ጠቅላላ አገልግሎት ሥር ከቶት ነበር። ዳታቤዙን የሚያውቀው ልጅ ግማሽ ቀን ፕሪንተር የዋጠውን ወረቀት ሲያስተፋ ይውላል። ለቀቀ፤ ማን ይቆያል? ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) የት እንዳለ የጠየቅነው ከሄደ በኋላ ነው። እናንተ የፕሪንተሩን ሥራ ለጀማሪ ስጡ፤ የአይቲ ኃላፊውንም ሥራ አመራር ስብሰባ ላይ አስቀምጡት፣ ሁሉ ነገር ተወስኖ ካለቀ በኋላ አትጥሩት።

ልጆቹን ማቆየት ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ኩባንያ ኮድ እየጻፈ በዶላር የሚከፈለውን በደመወዝ አትችሉትም። በሌላው ያዙት። ሌሊት 9 ሰዓት ደውላችሁ ካስነሣችሁት ክፈሉት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ላለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ያባዛዋል። «ቤተሰብ ነን» ማለት ክፍያ አይደለም። ደግሞ ጭማሪ ለማግኘት የግድ አለቃ ይሁን አትበሉት። አንዳንዱ ከሰው ይልቅ ከሰርቨር ጋር መግባባት ይቀለዋል፤ የኃላፊ ደመወዝ ጋ የሚደርስ የባለሙያ እርከን አውጡለት።

ፓስወርዱን ግን ዛሬውኑ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው። ጎበዙም ስልኩን አጥፍቶ የዓመት እረፍት የሚወጣው ያኔ ነው።