«5 ደቂቃ ነው፣ መጣሁ»፦ ውሻን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ስንተው የምንሠራቸው ስህተቶች

የአዲስ አበባ ሰው ሙቀት ሲባል የሚታየው አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ አፋር ነው። እዚህ ጥላ ሥር ገባ ካሉ ይበርዳል፤ ጠዋት የወጣ ሰው ሹራቡን ከእጁ አይለይም። ስለዚህ ውሻን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ አደጋ ነው ሲባል «ይሄ እኮ ደጋ ነው» እንላለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ባለፈው መጋቢት ውሻዬን ቦቢን ላጣው ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ።

ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስጄው ስንመለስ ቸርችል ጎዳና ላይ መኪናዬን አቁሜ ባንክ ገባሁ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ነፋሻ ስለነበር ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም። ወረፋዬ ሊደርስ ሲል ሲስተም ተቋረጠ፤ «አሁን ይመለሳል» ሲሉን ቆመን ጠበቅን። ከዚያ በሩ ላይ ጫጫታ ሰምቼ ዞር ስል፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅ ከጥበቃው ጋር እየታገለ ነው፦ «ጋሼ! ጋሼ፣ ውሻዎ ሊሞት ነው!»

ስደርስ ቦቢ ከወንበሩ ወርዶ ፔዳሎቹ ሥር ተወሽቋል። መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሹ ጭጋግ ለብሷል፤ የበሩ እጀታ ዙሪያ በጥፍሩ ተቧጥጧል። ምላሱ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፋ ሰፍቶ ወጥቷል፣ ድዱ ቀይ ሥር መስሏል። በሩን ቆልፌ ከሄድኩ ግማሽ ሰዓት አልሞላም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የጠየቅሁትንና የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍለው።

«ዛሬ እኮ ያን ያህል አይሞቅም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሱ ይወለዳሉ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ለክተው በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። ውጪው 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ከጭማሪው 80 በመቶ ያህሉ የመጣው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው።

22 ዲግሪ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማንም «ሞቀ» የማይልበት፣ ተራ የአዲስ አበባ ቀን ነው። የፀሐዩ ብርሃን በመስታወቱ ይገባል፣ ዳሽቦርዱና ወንበሩ ይግላሉ፣ የጋለው አየር ግን መውጫ የለውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ጥላው ቢበርድም ፀሐዩ ያቃጥላል። እኛ ቀኑን የምንመዝነው ፊታችንን በሚነካው ነፋስ ነው። ውሻው ያለው ነፋሱ በማይደርስበት ቦታ ነው። የተዘጋ መኪና ደጋና ቆላ አያውቅም።

«5 ደቂቃ ነው፣ መጣሁ»

እውነቱን እንነጋገር፤ በዚህ ከተማ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ የትኛው ነው? ወረፋ አለ፣ ሲስተም ይቋረጣል፣ ፎርሙ ፎቶ ኮፒ ይጎድለዋል፣ መንገድ ላይ የድሮ ጓደኛ ይገናኛል፣ ሰላምታው ብቻ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓቱን የሚወስነው ባለጉዳዩ አይደለም።

«መስኮቱን ገርበብ አድርጌለታለሁ»

ሌባ እንዳይገባ እየፈራን የምንከፍተው ሁለት ጣት ቢያሾልክ ነው። በዚያው ጥናት መስኮት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ተለክቶ ነበር፤ የሙቀቱ አጨማመር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ውሻ ደግሞ እንደኛ አያልበውም። ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም ኢምንት ነው። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ምላሱና አፉ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ጠባብ መኪና ውስጥ ግን የገዛ ትንፋሹ አየሩን እርጥበት ይሞላዋል፣ ያኔ የሚተን ነገር ይቀንሳል። መስታወቱ ላይ ያየሁት ጭጋግ ይሄው ነበር። ያለከልካል፣ ማለክለኩ ራሱ ጡንቻውን ያደክማል፣ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በመካከሉ ያለው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው።

«ጥላ ውስጥ ነው ያቆምኩት»

ቸርችል ጎዳና ከፒያሳ ወደ ለገሃር ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያለው ፎቅ መንገዱን ያጠላዋል፤ ያንን አይተን እናቆማለን። ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ጥላው ወደ ፎቁ ግድግዳ ይሰበሰባል። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ፀሐይ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን ፎቅ ምንም ያህል ቢረዝም ጥላው ከሥሩ አይርቅም። እኔ ያቆምኩት ጥላ ውስጥ ነበር። ስመለስ ግን ፀሐዩ የፊት መስታወቱ ላይ ነበር።

የምድር ውስጥ ማቆሚያስ? እንደ መስቀል አደባባይ ሥር ባለው ቦታ ፀሐይ አያገኘውም፤ ከመንገድ ዳር በብዙ ይሻላል። ያም ሆኖ የገዛ ሙቀቱና ትንፋሹ ከውሻው ጋር ይዘጋሉና እኔ በበኩሌ ትቼው አልሄድም።

«ውሃ አስቀምጬለታለሁ»፣ «ኤሲ ከፍቼለታለሁ»

የተጨነቀ ውሻ ሳህኑን ይደፋዋል እንጂ አይጠጣም፤ ቢጠጣም አየሩን አያበርድለትም። ኤሲ ደግሞ ነዳጅ ሲያልቅ ወይም ሞተር ሲጠፋ ሙቅ አየር መንፋት ይጀምራል፤ ሳይነካ በራሱ የሚያጠፋም መኪና አለ። ውሻው ማብሪያውን አይነካውም።

«እንዳይናከስ አፉን አስሬዋለሁ»

ይሄን በየክሊኒኩ በር ላይ ስለማየው ረዘም አድርጌ ልናገር። ውሻ ለሕክምና ወይም ለክትባት ሲወሰድ አፉ በገመድ ወይም በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይጫናል። የታክሲ ሾፌር ወንበሬ ይበላሻል ሲል ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ተከቶ አንገቱ ብቻ ይወጣል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ንክሻ ያስፈራል፣ በተለይ ክትባት ያልወሰደ ውሻ።

ግን አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ አይችልም። ያለችውን ብቸኛ ማቀዝቀዣ ነው የዘጋንበት። ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ መንገዱ ተጨናንቆ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ መኪናው እየሄደም ቢሆን ያ ውሻ እየተቀቀለ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ እንደ ቅርጫት የተሠራውን፣ ውስጡ አፉን ከፍቶ ምላሱን የሚያወጣበትን ይግዙ። የጨርቁ ማሰሪያ ሐኪሙ መርፌ እስኪወጋ ለደቂቃ ብቻ ነው። ከረጢቱ ግን ይቅር፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱ ከኋላ ይያዘው።

አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾች፣ ማለትም ፐግ፣ ቡልዶግ፣ ፔኪኒዝና የመሳሰሉት፣ የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ስለሆነ አፋቸው ሳይታሰርም እንደታሰረ ናቸው። ያረጀ፣ የወፈረ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻም ቀድሞ ይወድቃል።

«አብዷል!»፣ «መርዝ በልቶ ነው!»

ቦቢን አውርጄ አስፋልቱ ዳር ሳስቀምጠው ለሃጩ እየተዝረከረከ ይንገዳገድ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ወዲያው ራቀ፤ «አብዷል» አለ አንዱ። ሌላዋ እናት ከልባቸው አዝነው «መርዝ ነው ልጄ፣ ወተት አጠጣው» አሉኝ። ሁለቱም በከተማችን ከደረሰ ነገር የመጣ ግምት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ በቀናት እየባሰ ይሄዳል እንጂ ጠዋት ደህና የነበረን ውሻ መኪና ውስጥ ባሳለፈው ግማሽ ሰዓት አይጥለውም። ራሱን ያልተቆጣጠረ ውሻ አፍ ውስጥ ወተትም ሆነ ውሃ መገልበጥ ደግሞ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ውሻው የማያውቁት ከሆነ ግን እጅዎን ወደ አፉ አያስጠጉ፤ ውሃውን ራቅ ብለው ያፍስሱበት።

«መጀመሪያ ክሊኒክ ላድርሰው»

እኔም መኪናውን ላስነሳ ነበር፤ ያው የጋለው መኪና ውስጥ መልሼ ላስገባው! ያቆመኝ የፓርኪንጉ ልጅ ነው። መኪና የሚያጥብበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምጥቶ ሆዱ ሥር፣ ብብቱ፣ ጀርባው ላይ አፈሰሰበት። ያደረገው ትክክል ነበር። በብሪታንያ የሚገኘው ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መውሰድ።

ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ የቧንቧ ውሃ መላ አካሉን እስኪያርስ ያፍስሱ፣ በካርቶንም በጋዜጣም ያራግቡለት። በረዶ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ። በእርጥብ ፎጣ ወይም በነጠላ ሸፍኖ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስላል፤ ጨርቁ ሲሞቅ ግን ሙቀቱን ያፍንበታል። ራሱ ፈልጎ ከጠጣ ይጠጣ፣ አያስገድዱት። ትንፋሹ ረጋ ማለት ሲጀምር መስኮቶቹን በሙሉ ከፍተው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ተነስቶ ጭራውን ቢቆላ እንኳ ወደ ቤት አይመለሱ። ሙቀቱ ኩላሊትን፣ አንጀትንና የደም መርጋትን የሚጎዳው ቆይቶ ነው፤ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሊመጣ ይችላል። ቦቢ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኛ። ሐኪሙ በየጊዜው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ ሸንቷል ወይ? በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩ አጥር ሥር እግሩን አንስቶ ሲሸና እኔና ሐኪሙ ተያየን።