ኦንላይን ሲፒዲ ስንወስድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላይሰንስ ማደሻ ሲቃረብ ቴሌግራም ግሩፑ ሁሉ "ነፃ ሲፒዲ ያለበት ሊንክ ያላችሁ ላኩልኝ" በሚል ይሞላል። ሲፒዲ ማለት እኛ ሀኪሞች ላይሰንስ ለማደስ የምንጠየቀው ተከታታይ የሙያ ትምህርት ነው። ሊንኩ ይመጣል፣ እንመዘገባለን፣ ሰርተፍኬቱ ይወርዳል፣ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ በቃ። ኦንላይን ትምህርት ግን ለኛ ትልቅ እድል ነው፣ በተለይ ክፍለ ሀገር ላለ ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም)፣ ድሮ አንድ ስልጠና ለመውሰድ ደብዳቤ እስኪጻፍ፣ አበል እስኪፈቀድ፣ ዲዩቲ የሚሸፍን ሰው እስኪገኝ ስንት መጠበቅ ነበረበት፣ አሁን ስልክና ዳታ ካለ ከአልጋው ሳይነሳ ጥሩ ጥሩ መምህራንን መስማት ይችላል። ይሄ ሁሉ እያለ የተማርነው ነገር ታካሚው ጋ ሳይደርስ መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልበላችሁ።

የመጀመሪያው ቪዲዮውን ከፍቶ ሌላ ስራ መስራት ነው። ኦፒዲ (ተመላላሽ ታካሚ ክፍል) ላይ ሰልፉ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ነው፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ጠፍቶ ዌቢናሩ ይሄዳል፣ ዶክተሩ አንዴ ታካሚውን አንዴ "አሁንም አሉ ወይ" የምትለዋን በተን ያያል። እንዲህ ሲሆን ትምህርቱም ታካሚውም ይበደላሉ። ከዛ ደግሞ ፖስት ቴስቱን ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ መልስ እየገለበጡ መሙላት አለ፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ከኮርሱ ውስጥ በደንብ የሚያስተምረው ክፍል ፈተናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አንድን ጽሁፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ ቢያስታውሱም ከሳምንት በኋላ ግን በልጠው የተገኙት ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ ተሳሳቱም አልተሳሳቱም ፖስት ቴስቱን ራሳችሁ ስሩት።

ሁለተኛው ማን እውቅና እንደሰጠው ሳያዩ መመዝገብ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ "አክሬዲትድ" የሚል ማህተም ስላለ ብቻ ለላይሰንስ ይቆጠራል ማለት አይደለም። እኛ ሀገር በዓመት ቢያንስ 30 ሲኢዩ (የሲፒዲ ነጥብ) ይጠበቅብናል፣ ኮርሱም ሰጪውም በሲፒዲ አክሬዲተር በኩል እውቅና ያገኙ መሆን አለባቸው። የውጭ ሀገር ኮርስ በጣም ጥሩ ሆኖም ላይቆጠር ይችላል፣ ጥሩ መሆኑና መቆጠሩ ለየብቻ የሚታዩ ነገሮች ናቸው፣ ለእውቀት ውሰዱት ግን 30ው ውስጥ ከመደመራችሁ በፊት ላይሰንሳችሁን የሚያድስላችሁን ቢሮ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁም ብትሆኑ ስቴት ሲቀየር ህጉ ይቀየራል፣ ካሊፎርኒያ በ2 ዓመት 50 ሰዓት፣ ቴክሳስ በ2 ዓመት 48፣ ዋሽንግተን ስቴት በ4 ዓመት 200 ይጠይቃሉ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ "ኤኤምኤ ፒአርኤ ካቴጎሪ 1" የሚል (የአሜሪካ ሀኪሞች ማህበር የክሬዲት አይነት ነው) መኖሩን እዩ። ዲኢኤ (ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድሃኒቶች ማዘዣ የአሜሪካ ፈቃድ) ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሱስ ህክምና ላይ አንዴ የሚወሰደውን 8 ሰዓት አትርሱት፣ ስቴቱ ከሚጠይቀው ጋር እያምታቱት የሚረሱት አሉ።

ሶስተኛው የምንወደውን ብቻ መምረጥ። ካርዲዮሎጂ የሚወድ ሰው ስድስተኛ የኢሲጂ ኮርሱን ይወስዳል፣ የአራስ ልጅ ሪሰሲቴሽን (ትንፋሽ ማስጀመር) ግን ከኢንተርንሺፕ ወዲህ አልነካውም። "የሚያስፈልገኝን ራሴ አውቃለሁ" ማለት አያዋጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ትልቅ ሪቪው ዶክተሮች ራሳቸውን የገመገሙትን ሌላ ሰው ከገመገማቸው ጋር አስተያይቶ ከ20 ንጽጽሮች በ13ቱ ግንኙነቱ ትንሽ፣ ምንም፣ ወይም ጭራሽ የተገላቢጦሽ ሆኖ ነው ያገኘው። ከስሜታችሁ ይልቅ መዝገቡን እመኑ፣ ያለፉት ወራት ሪፈር ያደረጋችኋቸውን፣ ሲኒየር የደወላችሁባቸውን፣ ዴዝ ኦዲት (የሞት ምክንያት ግምገማ) ላይ የተነሱትን ኬዞች አገላብጡና ቀጣዩን ኮርስ ከዛ ላይ ምረጡ።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ጋ ነው። የተማርነውን ካለንበት ቦታ ጋር ሳናስተያይ እንዳለ መውሰድ። ኤክላምፕሲያን እንውሰድ፣ በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ። ውጭ ያለ ሰው ሌክቸር ሲሰጥ ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ስር፣ ከዛ በሰዓት 1 ግራም በፓምፕ ይላል፣ ልክ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም የሚቀበለው አሰራር ነው። ግን እናንተ ያላችሁበት ፕራይመሪ ሆስፒታል ፓምፕ የለም፣ ሌሊት ላይ ዋርዱን የያዘችው አንዲት ሚድዋይፍ ናት፣ ድሪፑን በጠብታ ቆጥረን በእጅ እናስኬደው ከተባለ እናትየዋ ክንዷን ባጠፈችና በዘረጋች ቁጥር ፍጥነቱ ይለዋወጣል፣ አንዴ ከለቀቀ ደግሞ ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል። ለዚህ አይነት ቦታ ነው በጡንቻ የሚሰጠው አሰራር ያለው፣ 50 በመቶ ከሆነው 8 ሚሊ ትወስዱና 12 ሚሊ ውሃ ጨምራችሁ 20 ሚሊ ታደርጉታላችሁ፣ 4 ግራሙ እሱ ነው፣ በደም ስር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፣ ከዛ በየቂጧ 5 5 ግራም፣ በየ4 ሰዓቱ ደግሞ 5 ግራም ጎኑን እያቀያየሩ። እያንዳንዱ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን፣ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑን፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ መሆኑን ማየት፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ሌክቸረሩ ይሄን ላያነሳው ይችላል፣ እሱ የሚሰራበት ቦታ አያስፈልገውም። ስለዚህ ኮርስ ስትጨርሱ ከሆስፒታላችሁ ፕሮቶኮልና ከጤና ሚኒስቴር ጋይድላይን ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፣ የተባለው እቃ አለ ወይ፣ መድሃኒቱ በየትኛው መጠን ነው የሚመጣልን፣ ሌሊት ማን ነው የሚከታተለው ብላችሁ ጠይቁ፣ ዌቢናር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄውን እዛው ቻት ላይ ጻፉት፣ "ፓምፕ በሌለበት ምን እናድርግ" ማለት ምንም አያሳፍርም፣ እንደናንተው ያልጠየቁ ብዙ ሰዎች መልሱን እየጠበቁ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት ብቻችንን መማር ነው። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣውን ኢሞቲቭ ጥናት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ታንዛኒያ ውስጥ የተሰራ ስለሆነ ለኛም ቅርብ ነው፣ መለኪያ ባለው ፕላስቲክ ደሙን ቶሎ እየለኩ ማሳጁን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱን፣ ፍሉይዱንና ምርመራውን አንድ ላይ በመጀመር ከባድ ደም መፍሰስን፣ በደም መፍሰስ ምክንያት የሚመጣ ኦፕራሲዮንንና ሞትን አንድ ላይ ተቆጥረው በ60 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ ዶክተሩ ይሄን ኮርስ ክፍሉ ተቀምጦ ብቻውን ቢወስደው ምን ዋጋ አለው? ደሙን ቀድማ የምታየው ሚድዋይፏ ናት። ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ) ላይ 10 ደቂቃ ጠይቁና የተማራችሁትን አቅርቡት፣ ካልሆነም ሁለት ሶስት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ ተመልከቱ፣ ዳታም ይቆጥባል።

ስፖንሰር የተደረገ ዌቢናር ላይ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብላ የምታልፈዋን የጥቅም ግንኙነት ስላይድ አንብቧት። ተናጋሪው መድሃኒቱን በጀነሪክ ስሙ ሳይሆን በብራንዱ ብቻ እየጠራ ከሆነ፣ ርካሹና ቆየት ያለው መድሃኒት ጭራሽ ካልተነሳ፣ ተጠራጠሩ። ታካሚያችን በኪሱ ነው የሚገዛው።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኜ ነው የምላችሁ፣ የታካሚ ፎቶ። "ለትምህርት ነው" እየተባለ ቴሌግራም ላይ ስሙና ካርድ ቁጥሩ የሚታይ ኤክስሬይ፣ ፊቷ ያልተሸፈነ እናት፣ ይለጠፋል፣ አንዴ ከተለጠፈ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ በቁስሉ ብቻ ሰው ይለያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። ታካሚውን አስፈቅዱ፣ ስሙን አጥፉ፣ ያለ ፎቶ መጠየቅ ከተቻለ ያለ ፎቶ ጠይቁ።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው ግን ሰርተፍኬት ያስቀራሉ። ስማችሁን ላይሰንሳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ፣ አንዱ ኮርስ ላይ የአባት ስም ሌላው ላይ የአያት ስም "ላስት ኔም" ላይ ገብቶ፣ ስፔሊንጉም እንደየቀኑ እየተቀያየረ፣ በኋላ የአንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት መከራ ነው። ሰርተፍኬቱን የዛኑ ቀን አውርዱና ኢሜላችሁ ላይም አስቀምጡት፣ ሳይቱ ሊዘጋ ይችላል። ሰዓቱን ደግሞ ተጠንቀቁ፣ በኒውዮርክ እኩለ ቀን የተባለ ዌቢናር በነሱ በጋ በኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ በነሱ ክረምት ግን ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 2 ሰዓት ይሆናል፣ ስለዚህ ራሳችሁ ከምታሰሉት የመመዝገቢያ ኢሜሉ ላይ ያለውን የካሌንደር ሊንክ ተጫኑትና ስልኩ ይቀይረው፣ ዲዩቲ ላይ ከሆናችሁም ሪከርዲንጉን አይቶ ክሬዲት ይገኝ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ላይቭ ላልገባ ሰው የማይሰጡ ብዙ ናቸው።