5 ሚሊ ሜትሯ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ጥገና የወጣችበት መንገድ

ሕመሙ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ድንገት ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ መቀመጥም መተኛትም አያስችልም። አልትራሳውንድ የኩላሊቱን ማበጥ እንጂ ጠጠሯን አላሳየም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው የሽንት ቱቦ ውስጥ የገባች ጠጠር ብዙ ጊዜ እንዲህ ትሰወራለች። ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት የተነሳው ሲቲ ስካን ግን ፊኛው አፍ አጠገብ አገኛት።

ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ታዘዘ (የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ድክመት ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም)፤ ቱቦውን ለማላላት ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ይኸኛው ደም ግፊት ስለሚያወርድ ከመኝታ ሲነሱ ቀስ ማለት ነው። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ውሃ በጆግ መጋት ጠጠር አይገፋም፤ ትርፉ ማስታወክ ነው።

ሽንቱ በሙሉ፣ የሌሊቱም ጭምር፣ የሻይ ማጥለያ ላይ በተነጠፈ ጎዝ ተጠለለ። የወጣችው ቡናማና ሸካራ፣ ምስር የምታክል ነበረች። ደርቃ በንጹሕ ብልቃጥ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች፤ ውጤቱ ካልሲየም ኦክሳሌት።

ሕመም ስለቆመ ብቻ ጠጠሩ ወጥቷል ማለት አይደለም። ቱቦውን እንደዘጋ ዝም ብሎ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከቆመ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል!

ድጋሚ እንዳይፈጠር በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት የሚያወጣ ውሃ መጠጣት፣ ጨው መቀነስ፣ ኦክሳሌት የሚበዛባቸውን ቀይ ሥርና ቆስጣ አለማብዛት። ወተት ግን አይከለከልም፤ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል።