እማዬ ያንኑ ጥያቄ ስትደጋግም

እማዬ አልዛይመር አለባት፤ ትውስታን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የአንጎል በሽታ ነው። ረከቦቱ ሳይነሳ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ትለኛለች። እንዲህ ሲሆን «አሁን ጠጣሽ እኮ!» አትበሉ። አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ትውስታ የሚይዘውን የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስን ነው። አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በነርቭ ሴሎች መካከል፣ ታው ደግሞ በውስጣቸው ይጠራቀማል፤ ሴሎቹም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። የጠጣችው ቡና አልተመዘገበም፤ ብትከራከሯት ከየት ታምጣው? የድሮው ትዝታ ግን ቆየት ብሎ ነው የሚነካው። ስለዚህ ሲኒውን አስይዣት «አያቴ ቡና ስታፈላ ማን ማን ይጠራ ነበር?» እላታለሁ፤ ጎረቤቶቹን በየስማቸው ትቆጥርልኛለች።

ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አጭር ጥያቄ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። መልሱን እስክታገኘው ጠብቁ፤ አትቀድሟት። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰባት ግን የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።