ህትመቱ ጠቆረ ብለው ፕሪንተሩን ከመውቀስዎ በፊት

የጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠቁሮ ሲታተም ቀድሞ የሚወቀሰው ፕሪንተሩ ነው። እኔም ጥፋተኛው ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሞኒተር መሆኑ የገባኝ ብዙ ቀለምና ወረቀት ካባከንኩ በኋላ ነው።

የስህተቶች ሁሉ አውራ የስክሪኑን ብርሃን ከፋብሪካ እንደመጣ መተው ነው። ብዙ ሞኒተሮች በካሬ ሜትር 250 ካንዴላና (ካንዴላ የብርሃን መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ ማብራት ይችላሉ፤ ለህትመት ሥራ ግን ከ80 እስከ 120 ይበቃል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ ያረፈበትን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ። ደማቅ ስክሪን ላይ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ስለሚታየን ፎቶውን ያለ ሥጋት እናጠቁረዋለን፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ድፍን ጥቁር ይሆናል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ህትመቱን በሚያይበት ብርሃን ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዝ፤ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶም ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ብርሃኑን ይቀንስ። ለዓይን ግምት መጥፎ አይደለም።

«ፎቶው ቀለም የለው፣ የስክሪኑ ቀለም ምን ያደርግልኛል?» የሚሉም አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ግራጫ ትንሿን የቀለም ዝንባሌ እንኳ አይደብቅም። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ካደላ ጥፋቱ የፎቶው መስሎን ቡናማ ቃና እንጨምርበታለን፤ የሚታተመው ግን የጨመርነው ቡናማ ብቻ ነው። 6500 ኬልቪን (የነጩ ቃና ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ ማድላቱ የሚለካበት) እና 2.2 ጋማ (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ደረጃዎች ምን ያህል እንደሚደምቁ የሚወስነው) ጥሩ መነሻ ናቸው። እርማቱን በተቻለ መጠን በሞኒተሩ በራሱ ቁልፎች ይሥሩ። ሁሉንም ለኮምፒውተሩ ከተዉት ካሉት 256 የግራጫ ደረጃዎች የተወሰኑት ይጠፉና ሰማዩ ላይ እርከን የመሰለ መስመር ይወጣል።

ሞኒተሩን አብርቶ ወዲያው መለካትም ልማድ ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት። ብርሃኑን በራሱ የሚቀያይረውንና የማታውን ቢጫ ማሳያ ያጥፉ፤ መስኮቱንም ይጋርዱ።

ከወረቀት የስክሪንን ጥቁረት መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ተራ ሞኒተር ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ሊደምቅ ይችላል፤ የማያንጸባርቅ ወረቀት ግን 50 እጥፍ አካባቢ ላይ ይቆማል። የወረቀቱን ፕሮፋይል (ፕሪንተሩ በዚያ ወረቀት ላይ ቀለሙን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ጭነው፣ ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ቅድመ እይታ ሲከፍቱ ፎቶው ድንገት ይገረጣል። እኔ በዚያች ቅጽበት ዓይኔን ዞር አደርጋለሁ፤ ልዩነቱን ያላየ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

በመጨረሻ ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ ያለው ሠንጠረዥ አትመው ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ። ስክሪኑ ላይ የሚለያዩት ጥቁር ደረጃዎች ቅድመ እይታው ላይም ተለያይተው ወረቀቱ ላይ ብቻ ከተዋሃዱ፣ አሁን ፕሪንተሩን መጠየቅ ይቻላል።